የአባባ የሌሊት ደብተር



በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንጨዋወት ቆይተናል። በዚህ ወር ግን ወደ ሌላኛው የቤታችን ጥግ ዞር ብለን፣ የመርሳት ሕመም ይዟቸው የሌሊት እንቅልፍ ስለራቃቸው አረጋውያን ወላጆቻችን ጥቂት ልንል አስበናል። ጉዳዩን ከንባብ ብቻ አላገኘነውም፤ ከራሳችን ቤት የመጣ ነው። ስለሆነም ያጠፋነውንም ጭምር ሳንደብቅ እንናገራለን።

አባታችን የአልዩ አምባ ሰው ናቸው። አልዩ አምባን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ከአንኮበር በታች በስተምሥራቅ፣ ወደ ቆላው በሚወርደው አቀበትና ቁልቁለት መካከል ያለች፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ያርፉባትና ይገበያዩባት የነበረች የአርጎባዎች ከተማ ናት። አባባ (ልጆቻችንም እኛም የምንጠራቸው እንዲህ ነው) ዕድሜያቸውን ሙሉ በሽመና ሥራ ቤተሰብ ያስተዳደሩ፣ ጎረቤት ሲጣላ የሚያስታርቁ ሰው ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. የሸጡትን ጋቢ ሂሳብ ደጋግመው መጠየቅ፣ ቀጥሎም ከገበያ ወደ ቤታቸው የሚወስደውን መንገድ መሳት ሲጀምሩ፣ ከእናታችን ጋር ወደ ደብረ ብርሃን አምጥተን ከእኛ ጋር አኖርናቸው። በአገራችን እንዲህ ያለውን ሰው «ጃጀ» ብሎ መተው የተለመደ ነው። ሐኪሞች ግን ዲሜንሺያ ይሉታል፤ የእድሜ መግፋት ብቻ ሳይሆን የአንጎል ሕመም ነው። ከዓይነቶቹም ብዙውን የሚይዘው አልዛይመር የሚባለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው፤ ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

የአባባ ቀን ደህና ነበር። ያስቸገረን ሌሊቱ ነው።

ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ሰው የኅዳርንና የታኅሣሥን ሌሊት ያውቃል። ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሮ የሚታይበት ብርድ ነው። አባባ በዚያ ብርድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይነሡና «ሱብሒ አለፈኝ» ብለው ወደ ግቢው የውኃ በርሜል ይሄዳሉ። በበረዶ ውኃ ዉዱእ ያደርጋሉ። እኛ ከኋላቸው ሮጠን «አባባ፣ ገና ነው እኮ! ሱብሒ 11 ሰዓት ነው!» እንላለን። እርሳቸው ደግሞ «ልጄ፣ ሶላት ልታስተወኝ ነውን?» ይላሉ። ክርክሩ ይከራል፣ ሕፃናቱ ይነቃሉ፣ ቤቱ በሙሉ ይነሣል። በሌላ ሌሊት ደግሞ በሩን ከፍተው «ቤቴ ልሂድ» ይላሉ። በ2016 ዓ.ም. በክልላችን ሌሊት መንገድ መውጣት ለጤነኛውም ሰው በሚያሰጋበት ወቅት፣ አንድ ሌሊት አስፋልቱ ዳር በነጠላ ጫማ ቆመው አግኝተናቸዋል። ወደ አንኮበር የሚሄድ መኪና እየጠበቁ ነበር።

ታዲያ ምን አደረግን? ብዙ ቤተሰብ የሚያደርገውን አደረግን። ከአንድ መድኃኒት ቤት፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ ዳያዜፓም የተባለውን የእንቅልፍ ኪኒን ገዛን። ሁለት ሌሊት ጸጥ አሉ። በሦስተኛው ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ እግራቸው ከድቷቸው ወደቁ፤ ቅንድባቸው 5 ቦታ ተሰፋ። የኪኒኑ ጠባይ ይኸው እንደሆነ የተማርነው ኋላ ነው። የአረጋዊ ሰውነት እንዲህ ያለውን መድኃኒት በቶሎ አያስወግደውም፤ በማግሥቱም ደሙ ውስጥ ስለሚቆይ ሚዛን ያስታል፣ ግራ መጋባትን ያብሳል። እንቅልፍ ያመጣል ተብሎ የሚሰጠው አንዳንዱ የጉንፋንና የአለርጂ ሽሮፕም እንዲሁ ነው። ለጉንፋኑ ቀላል ቢመስልም አንጎል ለማስታወስ የሚጠቀምበትን ንጥረ ነገር ያዳክማል። ይህን ስንጽፍ ያ ስፌት ትዝ እያለን ነው። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኛ ነው።

ስፌቱ ሲፈታ ያገኘናት የአእምሮ ጤና ነርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችን። «ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ?» አለች። «ሌሊቱን ሙሉ» አልናት። «ሌሊቱን ሙሉ ማለት ስንት ጊዜ ነው? በስንት ሰዓት? ለምን?» አለችን። መልስ አልነበረንም። በክፍላችን ውስጥ የ60 ተማሪ መቅሪያና መገኛ በየቀኑ የምንመዘግብ ሰዎች፣ የአባታችንን ሌሊት አናውቀውም ነበር! «የ14 ሌሊት ጽፋችሁ አምጡ» ብላ ሸኘችን።

ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝተን እንደ ክፍል መዝገብ አሠመርነው። ከዒሻ በኋላ የተኙበት ሰዓት፣ የተነሡበት ሰዓት፣ የተነሡበት ምክንያት (ሽንት፣ ሱብሒ፣ ብርድ፣ ውኃ ጥም፣ ሕመም፣ «ቤቴ»)፣ የተነሣው አስታማሚ ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገና ተመልሰው የተኙበት ሰዓት ይጻፋል። በሌላው ገጽ ደግሞ ቀኑ ይጻፋል፤ ይኸውም ቀን ምን ያህል እንዳሸለቡ፣ ቡናና ሻይ በስንት ሰዓት እንደጠጡ፣ የትኛውን ኪኒን መቼ እንደወሰዱ፣ ሆዳቸው መሄዱንና ፀሐይ ማግኘታቸውን ነው። በበሩ ላይ ቃጭል አሠርን። መቼም የፍየል ቃጭል እንዲህ ያለ ጥቅም ይኖረዋል ብለን አስበን አናውቅም፤ አባባ በሩን ሲነኩ ከዚያ የተሻለ የሚናገር ነገር የለም።

እንግዲህ ይህን ስንሠራ ጅዳ የምትኖረው እኅታችን ሰምታ እንቅልፍ የሚለካ የእጅ ሰዓት ላከች። ከእርሱም ጋር ካሜራ ልላክ አለች። ስለ ሁለቱም ጥቂት እንበል፤ አሁን በየቤቱ እየገቡ ነውና።

ሰዓቱ የእጅን እንቅስቃሴና የልብን ምት አይቶ ነው «ተኝቷል፣ ነቅቷል» የሚለው። በመጀመሪያው ሌሊት ጠዋት ስናየው «7 ሰዓት ተኝተዋል» ይላል። እናታችን ግን በደብተሩ ላይ «ከ6 እስከ 9 ነቅተው ነበር፤ ዚክር ሲያደርጉ ነበር» ብለው አስጽፈዋል። አባባ ጀርባቸው ላይ ተኝተው ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ቆይተው ኖሯል! ለሰዓቱ የማይንቀሳቀስ ሰው ሁሉ የተኛ ሰው ነው። ይህ የዚያ ሰዓት ጉድለት ብቻ አይደለም፤ በእንቅስቃሴ የሚለኩ መሣሪያዎች ሁሉ ነቅቶ ጸጥ ብሎ የተኛን ሰው እንደተኛ ይቆጥሩታል። በሌላ አገር ከፍራሽ ሥር የሚነጠፍ፣ እስትንፋስንና ከአልጋ መውረድን የሚመዘግብ ስስ መለኪያም አለ። በእንግሊዝ አገር የሰሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቤታቸው በሚኖሩ አረጋውያን ላይ ሞክረውታል። በሽተኛው እጁ ላይ የሚያወልቀው ነገር ስለሌለ ለእንዲህ ያለው ሕመም ይሻላል። የእኛን ሰዓት ግን አባባ በአምስተኛው ቀን አውልቀው ጀበና ውስጥ ከተቱት።

ካሜራውን እምቢ አልን። ምክንያታችን ሰውን መሰለል፣ ማለትም ተጀሱስ፣ በሱረቱል ሑጁራት የተከለከለ መሆኑ ብቻ አይደለም። ለመጠበቅ ማየትና ነውር ለመፈለግ ማየት አንድ አይደሉምና፣ ችግር ያስገደደው ቤተሰብ በር ወይም ኮሪደር ላይ ካሜራ ቢያደርግ የምንፈርድበት አይሆንም። አባባ ግን በሚለብሱበትና በሚያወልቁበት ክፍል፣ ዐውራቸውን መሸፈን በሚረሱበት ሰዓት፣ ፊልም ውስጥ እንዲገቡ አንፈልግም። የሚታየው ነገር በስልክ ከእጅ ወደ እጅ መሄዱ እንደማይቀርም ስለምናውቅ ነው። የታመሙ አረጋውያንን ንግግር ቀድተው ሰው እንዲስቅበት በማኅበራዊ መገናኛ የሚለቅቁ ልጆች አይተናልና! ያ አዛውንት አእምሯቸው ቢመለስ ምን ይሉ ነበር?

ወደ ደብተሩ እንመለስ። በ14ቱ ሌሊት አባባ 63 ጊዜ ተነሥተዋል። ብዙዎቹ ከሌሊቱ 4 ሰዓትና 7 ሰዓት መካከል፣ ለሽንት ናቸው። የቀኑን ገጽ ስናገላብጥ ምክንያቱ ተዘርግቶ ተገኘ። ለደም ግፊት የታዘዘላቸው፣ ሽንት የሚያሸናው ኪኒን በጠዋት ፈንታ በምሽት ነበር የሚሰጣቸው፤ ኪኒኑን የሚሰጠው ታናሽ ወንድማችን ከሥራ የሚመለሰው ማታ ስለሆነ! ሁለተኛው ደግሞ ቡናው ነው። የእናታችን ቡና ከመግሪብ በኋላ ይፈላል፤ አባባም እስከ በረካው ድረስ ይጠጣሉ። የቡና ኃይል በጎልማሳ ሰውነት ውስጥ እንኳ እኩሌታው እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። (ጫት በሚቃምበት ቤት ያለ አንባቢ ይህን ለራሱ ያባዛው።) ሦስተኛው፣ ከዙሁር እስከ ዐስር ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ያሸልቡ ነበር። የሌሊታቸውን እንቅልፍ ቀን ጨርሰውት ያድራሉ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ ሕመሙ ራሱ አለ። በአንጎላችን መሠረት፣ ሁለቱ የዓይን ነርቮች ከሚሻገሩበት በላይ፣ ቀንና ሌሊትን የሚለይ ጥቂት የሕዋሳት ስብስብ አለ። ሰዓቱን የሚሞላው ከዓይን የሚመጣው ብርሃን ነው። በአልዛይመር እነዚህ ሕዋሳት ራሳቸው ይመነምናሉ፤ ስለዚህ ሰውየው ሌሊቱን ቀን፣ ቀኑን ሌሊት ቢያደርገው እልኸኝነት ወይም ልጅነት አይደለም። በኔዘርላንድ በ12 የአረጋውያን መኖሪያዎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ቀን ቀን ክፍሉን በደማቅ ብርሃን መሙላት የአእምሮን መዳከም በጥቂቱ እንደቀነሰ አሳይቷል። እነርሱ ብርሃኑን በአምፑል አመጡት። እኛ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት የሚያበራ ፀሐይ አለን፤ አረጋውያኑን ግን ጨለማ ጓዳ ውስጥ እናስቀምጣቸዋለን።

ሐኪሙን ጠይቀን ኪኒኑን ወደ ጠዋት አዞርነው። ቡናው ከዙሁር በፊት ሆነ። ከሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያሸልባሉ፤ ከዚያ የልጅ ልጃቸው ድውር ታስጠቀልላቸዋለች። የሽመናው ነገር የሚገርም ነው። የልጃቸውን ስም የረሱ ሰው ማጉን ሲይዙ ጣታቸው አይስትም። ለዐስር ሶላት ከአንዳችን ጋር መስጊድ ድረስ በእግር ይሄዳሉ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ «ቤቴ ልሂድ» የሚሉበት ሰዓት ሲደርስ፣ «ቤትዎ ይኸው ነው» ማለት ትተን «አባባ፣ አልዩ አምባ ያለው ቤት በሩ ወዴት ነው የሚዞረው?» እንላለን። ይነግሩናል፤ ሲነግሩንም ይረጋሉ።

የሱብሒውስ? እርሱ አልቀረም። አእምሮውን ያጣ ሰው ከተጠያቂነት ቀለም እንደተነሣለት እናውቃለን፤ በ7 ሰዓት ቢሰግዱም ባይሰግዱም ዕዳ የለባቸውም። ክርክሩን የተውነው ያኔ ነው። ማታ በፔርሙዝ ሙቅ ውኃ ሞልተን ከአልጋቸው አጠገብ እናሳድራለን። ሲነሡ በእርሱ ዉዱእ ያደርጋሉ፣ ሁለት ረከዓ ይሰግዳሉ፣ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይተኛሉ። ቀድሞ አንድ ሰዓት ተኩል የሚወስደው አሁን ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ነው። በአንድ ወር ውስጥ መነሣታቸው በሌሊት ወደ 2 ወይም 3 ጊዜ ወረደ። ሕመሙ አልዳነም፣ አይድንምም፤ ሌሊቱ ግን ቀለለ።

ደብተሩ ሌላም ጊዜ ጠቅሞናል። በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ለሳምንታት ከ3 ጊዜ ያልበለጠው መነሣት በአንድ ሌሊት 9 ሆነ። አባባ የሞተ ወንድማቸውን እየጠሩ ግድግዳውን ይዳብሳሉ። ሊጠይቁን ከመጡት አንዱ «ይህስ ጂን ነው» አሉ፤ ሌላው «በሽታው ብሶባቸዋል፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ። የመርሳት ሕመም ግን በወራትና በዓመታት ነው የሚብሰው፤ በአንድ ሌሊት አይገለበጥም። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ድንገት ሲለወጡ ሌላ ሕመም ገብቷል ማለት ነው። የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ በቆላው ደግሞ ወባ፣ የሆድ ድርቀት፣ የውኃ ማነስ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በአረጋዊ ሰው ትኩሳት እንኳ ላይኖር ይችላል። ሩቅያ የሚያደርግ ያድርግ፤ ጤና ጣቢያው ግን አይዘግይ። ደብተሩን ይዘን ሄድን፣ ሽንታቸው ተመረመረ፣ ኢንፌክሽን ተገኘ። መድኃኒቱን በጀመሩ በሳምንቱ ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ወደ 3 ተመለሰ።

ሁለት ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። እንቅልፍ ውስጥ ሆነው የሚራገጡ፣ የሚጮኹ፣ ሕልማቸውን በእጅና በእግራቸው የሚሠሩ አረጋውያን ካሉ ጻፉትና ለሐኪሙ ንገሩት። ሊዊ ቦዲ የሚባለው የመርሳት ሕመም ዓይነት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ዓይነት ያለባቸውን ሰዎች ደግሞ ለማረጋጋት የሚሰጠው እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ መድኃኒት ክፉኛ ይጎዳቸዋል። ሌላው፣ ለብርዱ ተብሎ የሚገባው የከሰል ማንደጃ ነው። ከተዘጋ ክፍል ጢሱ የማይታየው መርዝ አእምሮን ያደናግራል፣ ይገድላልም። በሩንም ከውጭ አትቆልፉባቸው፤ እሳት ቢነሣ መውጫ የላቸውምና። ብርድ ልብስ መደራረብ ይሻላል፤ ደብረ ብርሃን ሆነን የብርድ ልብስ ችግር የለብንም!

አሁን ወደማንፈልገው ገጽ እንምጣ።

ደብተሩን ለነርሷ ስናሳያት፣ እኛ የአባባን ሰዓቶች ስንጠቁማት፣ እርሷ ጣቷን ያደረገችው «ማን ተነሣ» በሚለው መስመር ላይ ነበር። ከ63ቱ መነሣት 58ቱ ላይ የተጻፈው «እማዬ» የሚል ነው። እኛ 3፣ ወንድማችን 2። ባለቤታችን በዚያ ወር አራስ ነበረች። ጽሑፉን በየጠዋቱ የምንጽፈው እኛው ነን፤ እናታችን ይነግሩናል፣ እኛ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ እንሞላለን። ለ14 ቀን በእጃችን ስንጽፈው አላየነውም። «እናታችሁስ መቼ ነው የሚተኙት?» አለችን። እናታችን የ66 ዓመት ሰው ናቸው፤ የደም ግፊት አለባቸው። በዚያ ሰሞን ምጣድ ላይ እያሉ ራሳቸውን ስተው ሊወድቁ ሲሉ ጎረቤት ደግፋቸዋለች፤ እኛ ግን «ጾም ይዘው ነው» ብለን አልፈነው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት 8000 የሚጠጉ የእንግሊዝ አገር የመንግሥት ሠራተኞችን 25 ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ በ50ና በ60 ዓመታቸው በየሌሊቱ ለ6 ሰዓት ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ የሚተኙት ለ7 ሰዓት ከሚተኙት ይልቅ በኋላ ዘመናቸው በመርሳት ሕመም የመያዛቸው ዕድል በ30 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ አግኝቶታል። የእንቅልፍ ማነስ ብቻውን ሕመሙን ያመጣል ማለት አይደለም። እኛ ግን ያንን ስናነብ ያሰብነው አባባን አልነበረም።

ስለ ወላጅ ሐቅ በክፍልም በመስጊድም የምናስተምር ሰዎች ነን። እርጅና ሲደርስባቸው «ኡፍ» እንኳ እንዳይባሉ ለልጆች ስንት ጊዜ አስረድተናል! በቤታችን ግን የአንዱን ወላጅ ሐቅ በሌላው ወላጅ እንቅልፍ ስንከፍል ቆይተናል። እናታችንም አልተናገሩም። ስንጠይቃቸው «እናንተ ጠዋት ሥራ አለባችሁ» ነው ያሉት። እርሳቸው ሥራ የሌለባቸው ይመስል!

ተራ አወጣን። ሰኞና ማክሰኞ ወንድማችን፣ ሐሙስና ዓርብ እኛ፣ ረቡዕ ከሐዲ የሚመጣ የአክስታችን ልጅ፤ ቅዳሜና እሑድ እናታችን፣ ያውም እምቢ ብለው። እናታችን የተኙበትን ክፍል ወደ ማድ ቤቱ በኩል አዞርነው። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ቃጭሉ ሲሰማ ከእኛ ቀድመው በሩ ላይ ይገኙ ነበር። «እማዬ፣ ተኚ እንጂ፣ ተራው የእኛ ነው» ስንላቸው «ምን ላድርግ፣ ጆሮዬ ነው የነቃው» ይሉናል። በሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ሌሊት ሳይነሡ አደሩ። ሱብሒ አዛን ሲል ደንግጠው ወጡና፣ አባባ በሰላም መተኛታቸውን እስኪያዩ ድረስ፣ ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም ብለው ተቆጡን።

በደብተሩ ላይ አሁን አንድ ተጨማሪ መስመር አለ። እናታችን የተኙበት ሰዓት ይጻፍበታል፤ የሚጽፉትም ራሳቸው ናቸው፤ ቁጥሩን ልጃችን አስተምራቸዋለች።